ለማሬሻሎው ፍተሻ ስንሰናዳ

በቀደም ለታ ካራቆሬ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ጀውሃ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። የሚኒባሱ ሹፌር ፖሊሱን ገና ከሩቅ ሲያይ ቀበቶውን አሰረ፣ ሬዲዮኑን ዘጋ፣ ረዳቱን በክርኑ ጎሰመው። ረዳቱም ነገሩ የገባው ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳያበቃ ዘሎ ወረደና ምግብ ቤቱ ደጃፍ ወደቆመ አንድ የጭነት መኪና ሮጠ። ሲመለስ ጋቢው ሥር ቀይ የእሳት ማጥፊያ ሸጉጧል። ፖሊሱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ዕቃውን አየና «ይቺን ቅድም እዚያኛው መኪና ላይ አግኝቻታለሁ፤ ከተለያየን ወዲህ ደህና ሰነበተች?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት «እማማ፣ ምን አሳቀዎት?» አለችኝ። ከየት ጀምሬ ልንገራት? ፖሊሱ ቀጥሎ ሹፌሩን ሞተር አጥፍቶ የእጅ ፍሬኑን እንዲስብና እግሩን ከፔዳሉ እንዲያነሣ አዘዘው። መኪናው ወደ ኋላ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ሳቄ እዚያው ቀረ። የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጬ «ቢስሚላህ» ስል ራሴን ሰማሁት። ልጅቱ የታመምኩ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ።

የማስታውሰው ጣሊያን አገሩን ይዞት የነበረበትን ጊዜ ነው። ዓመቱን በቁጥር አትጠይቁኝ፤ ያኔ እኛ ዘመን የምንቆጥረው በማሽላው ምርትና በሮቢ ወንዝ ሙላት ነበር። አዲሱ ጥቁር መንገድ ከጣርማ በር እየተጠማዘዘ ይወርድና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ወደ ደሴ ያልፋል። ቀትር ላይ ቅጥራኑ ስለሚቀልጥ የሚሻገር ሰው እየዘለለ ነበር የሚሻገረው። ድልድዩ አጠገብ የጣሊያኖቹ ካምፕ ነበር፤ ከካምፑ ማዶ ደግሞ ዳስ ጥለው ሻይ የሚያፈሉ፣ ሙዝና ሸንኮራ የሚሸጡ፣ አሮጌ ጣሳ ቀጥቅጠው ኩራዝ የሚሠሩ ሰዎች ተኮልኩለዋል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባጃጆች ይሰለፋሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ለካምፑ ሎሚና እንቁላል እሸጥ ነበር። በአንድ የብረት ሊሬ ጉንዶ ሙሉ ሎሚ አስረክባለሁ። የወረቀቱን ሊሬ እናቴ አትቀበልም፤ «ዝናብ ቢመታው ምን ሊሆን ነው?» ትላለች። ማርትሬዛ ብር የመጣ ቀን ግን አንኳኩታ ድምፁን ትሰማና ፊቷ ይፈካል። ጣሊያንኛዬንም የለቀምኩት ከዚያው ከካምፑ ነው። የሚያምር አልነበረም፤ ግማሹ የገበያ ዋጋ፣ ግማሹ ስድብ። ቢሆንም በሰፈራችን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ስላልነበረ ሊቅ ሆኜ ኖርኩ።

ይማምን ያገባሁት መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሹፌር ማግባት ዛሬ ፓይለት እንደማግባት ነበር። ካኪ ኮት፣ ከኮቱ ሥር ሽርጥ፣ አንገቱ ላይ አቧራ መጥረጊያ ቀይ ጨርቅ። ጣሊያኖቹ ሹፌር በሽርጥ ሲነዳ ማየት ስለማይወዱ ሱሪውን ከወንበሩ ሥር ያስቀምጥና ድልድዩ ሊደርስ ሲል ወርዶ ይለብሳል፤ ድልድዩን አልፎ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ያወልቃል። በዚያ ሙቀት ማን ይፈርድበታል? የሰፈሩ ሴቶች ጥጥ ስንፈለቅቅ ይዘፍኑብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ እመልስላቸዋለሁ፦

የሹፌር ሚስት ነሽ አትበሉኝ አደራ፣
ባሌ የተጋባው ከጣርማ በር ጋራ።

በዘፈን ይሣቅበት እንጂ ነገሩ እውነት ነበር። ጣርማ በር የወጣ መኪና ሁሉ አይወርድም፤ የወረደም ሁሉ በጎማው አይወርድም።

ይማም የሚነዳው የሐጂ ሰይድን መኪና ነው። ሐጂ ሰይድ የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በግመልና በበቅሎ ጨው አምጥተው ቡና የሚወስዱ። መንገዱ ሲሠራ ሐጂ ግመሎቹን ሸጡና ሸዋ ሮቢት ላይ ግቢ ይዘው ጣሊያኖች የተገላገሏቸውን አሮጌ መኪኖች ገዙ። መኪና ገዙ እንጂ ልማዳቸውን አልቀየሩም። መኪኖቹን እንደ ከብቶቹ በመልካቸው ጠሯቸው፤ አመድማዋ ዳለቻ፣ ቡናማዋ ቡላ። ሦስተኛዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ስለነበረባት ቦራ ተባለች፤ እሷ ግን ከግቢው ወጥታ አታውቅም፤ ዕቃዋ እየተፈታ ለሁለቱ ቀለብ ሆነ። ዳለቻን ይማም፣ ቡላን ሀሰን የሚባል የካራቆሬ ልጅ ይነዱ ነበር። ሐጂ ከሲራራው ዘመን ያስቀሩት አንድ ሰው አባ ኑሬን ነው። አባ ኑሬ ለአርባ ግመል ጉዞ አለቃ የነበሩ፣ ኮርቻ የሚሰፉ፣ መጫኛ የሚገምዱ ሽማግሌ ናቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ ይማምን ከልጅነቱ ያሳደጉት ግን እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ከግቢው በር አጠገብ ባለች ክፍል ነው፤ ከእሳቸው ዓይን ሳያልፍ የሚወጣ ጭነት አልነበረም።

አሁን ወደ ማሬሻሎው ልምጣ። ማሬሻሎ ብለን የምንጠራው የመንገዱን ዘቦች አለቃ ነው፤ ስሙን አላውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገኝም ነበር። ወፍራም፣ ጸጥ ያለ፣ እጁን ሁልጊዜ በነጭ መሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ወደ ጣርማ በር የሚወጣን የሐበሻ መኪና ሁሉ ከድልድዩ አፋፍ ላይ አስቁሞ ይፈትሻል። መብራት፣ ጥሩምባ፣ ጎማ፣ የጭነቱ አስተሳሰር፣ ከኋላ የሚንጠለጠለው ቀይ ጨርቅ። መጨረሻ ላይ መኪናውን ዳገቱ ላይ ያቆምና ሞተሩን አስጠፍቶ በእጅ ፍሬን ብቻ እንዲቆም ያደርጋል። ሹፌሩ ወርዶ ከአጠገቡ ይቆማል፤ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ ክልክል ነው። ፈተናውን የወደቀ መኪና በሩ ላይ በቀይ ቀለም መስቀልያ ይሰመርበታል፤ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ይቀደዳል። የጣሊያን ፈቃድ አንዴ ከተቀደደ ሌላ አይሰጥም። ይማምን አንድ ጊዜ በኋላ መብራት መልሶት ነበር። «ይኼ ያንተ ምሕረት ነው፤ የሚቀጥለው ፈቃድህ ነው» ያለውን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ይማም መኪና ከመንዳት በቀር የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም፣ የሚወደውም አልነበረውም። ከእኔና ከዳለቻ ማንን ትመርጣለህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ ደግ ሰው ስለነበረ ማስጨነቅ አልፈለግሁም።

ስለዚህ ለፍተሻው እንሰናዳ ነበር። ስንሰናዳም በሲራራው ሥርዓት ነው። ግመል ነጂዎቹ ከአሊዩ አምባ ከመነሣታቸው በፊት ማንም የራሱን እንስሳ አይፈትሽም፤ የጓደኛውን ነው። አባ ኑሬ ምክንያቱን ሲናገሩ «ሰው የገዛ በቅሎውን ቁስል ለምዶት ያልፈዋል፤ የሰው በቅሎ ቁስል ግን ወዲያው ይታየዋል» ይላሉ። መኪና ሲመጣም ይኼንኑ አስቀጠሉ። ሱብሂ ከተሰገደ በኋላ ሀሰን ዳለቻን፣ ይማም ቡላን ይዞራል። ጎማውን በእግር ይመታሉ፣ ቡለኑን በእጅ ይነካሉ፣ ገመዱን ይጎትታሉ። የተገኘ ጉድለት ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ የባለመኪናው መቀየም ነውር ነው። ሀሰን ደግሞ ምላሱ አይታክትም። አንድ ቀን «ይማም፣ ይቺ ጎማ የሐጂን ራስ መስላለች፤ አንድ ፀጉር አልቀረባትም!» ብሎ ሐጂ መስኮቱ ሥር ሆነው ሰምተው ኖሮ ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ዋለ። ዛሬ ትልልቆቹ የትራንስፖርት ማኅበራት በሊስት የሚሠሩት ነገር ይኼው ነው ይሉኛል። ይሁን፤ ግን ወረቀት ሹፌር ላይ አይቀልድም።

ከዚያ በኋላ የእኔ ተራ ነው። ማሬሻሎውን ከቅርብ ሆኜ ሲናገር የሰማሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ማሬሻሎ ሆኜ ሹፌሮቹን የማለማምደው እኔ ነበርኩ። ሐጂ መጀመሪያ «ሴት ልጅ ወንድ ፊት ቆማ ልታዝ!» ብለው ተቆጡ፤ በኋላ መኪናቸው ከፍተሻ እየተመለሰ ሲያስቸግራቸው ዝም አሉ። የሐጂን ምርኩዝ ይዤ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ መሐረብ አንጠልጥዬ በመኪናው ዙሪያ እንጎማለላለሁ።

«ሉቼ!» እላለሁ።

ይማም መብራቱን ያበራል።

«ክላክሶን!»

ጥሩምባውን ይነፋል፤ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

«ምን ትስቃለህ? ማሬሻሎ ፊት ይሣቃል?»

«አንቺን እያየሁ እንዴት አልስቅም?»

«እሱ ፊት ብትስቅ በጥፊ ነው የሚልህ። ጥርስህን ግጠም። ዓይኑን አትየው፣ መሬትም አትይ፤ ዓይኑን ስታይ ደፋር ነህ ይላል፣ መሬት ስታይ ሌባ ነህ ይላል።»

«ታዲያ የት ልይ?»

«የኮቱን ቁልፍ እይ።»

አባ ኑሬ ግንድ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ልምምዱ ሲያልቅ ሹፌሮቹ እየተጠጉ ትከሻቸውን ይስማሉ፤ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ዱዓቸው አጭር አይደለም፤ የመንገዱን መታጠፊያ፣ ድልድዩን፣ ጭነቱን እየጠሩ ነው የሚለምኑት። ሀሰን ከኋላ ሆኖ «አባ ኑሬ፣ አላህ መንገዱን ያውቀዋል እኮ!» ይላል። «እሱ ያውቀዋል፤ አንተ ነህ የማታውቀው» ይሉታል።

ከዚያ ጣሊያን ሌላ አገር ሌላ ጦርነት ገጠመ ተባለና ዕቃ ጠፋ። ጎማ ጠፋ፣ ናፍጣ በቆርቆሮ እየተለካ መጣ፣ የፍሬን ሸራ የሚባል ነገር ከአስመራም ከአዲስ አበባም ታጣ። የዳለቻ የእጅ ፍሬን ያለቀው ልክ ያን ሰሞን ነው። የዚያን ጊዜ የእጅ ፍሬን መኪናው ሆድ ሥር በሚሽከረከር የብረት ከበሮ ላይ የተጠመጠመ መቀነት ነው፤ እጀታው ሲሳብ መቀነቱ ከበሮውን አንቆ ይይዘዋል። የመቀነቱ ውስጠኛ ሸራ ተበልቶ ብረት ከብረት ይፋጭ ጀመር። ከቦራ ላይ ፈትተው ሊወስዱ አሰቡ፤ የቦራም ካለቀ ቆይቷል። ሀሰን ነው መላውን ያመጣው። አንድ የአስመራ መካኒክ በበሬ ቆዳ ሲሠራ አይቻለሁ አለ። ቆዳ ከተባለ ደግሞ ሰውየው ቤታችን ነበሩ። አባ ኑሬ ከበሬ አንገት ላይ ወፍራሙን መርጠው ቆረጡ፣ ፋቁ፣ ለክተው በምስማር መቀነቱ ላይ መቱት። የኮርቻ ያህል ተጠበቡበት። ዳለቻን ወንዙ ዳር ካለው አፋፍ ላይ አውጥተን ፍሬኑን ብንስበው ቀጥ አድርጎ ያዛት። ሀሰን ኋላዋን በትከሻው ቢገፋ አልነቀነቃትም። ሐጂ ለአባ ኑሬ አዲስ ሽርጥ ሸለሟቸው። «እኔስ ቆዳ እንጂ መኪና አላውቅም» አሉ አባ ኑሬ፤ ግን ሽርጡን የዚያኑ ቀን ለበሱት።

ያ ቆዳ አንድ ዓመል ነበረው። ሲሳብ ይጮኻል። እንደ በር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። እኛ ሳቅንበት፤ አባ ኑሬ ግን በሰሙት ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል። ቆዳ የሚጮኸው ሲደርቅ ነዋ! ዕድሜ ልካቸውን መጫኛ፣ ጠፍር፣ እርኮት፣ የጫማቸውን ማሰሪያ፣ የክታባቸውን ማኅደር ሳይቀር ከጉዞ በፊት ሞራ ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ደረቅ ቆዳ ይዞ መንገድ የሚነሣ ነጋዴ በእሳቸው ዓይን ራቁቱን ዘመድ ቤት ከሚሄድ አይሻልም።

የፍተሻው ቀን ደረሰ። ዳለቻ ማሽላ ተጭና ወደ ደብረ ብርሃን ልትወጣ ነው። ሀሰን ዳለቻን ዞሮ ፈተሸ፤ እንከን አላገኘም። እኔ ማሬሻሎ ሆንኩ፤ ይማም ቁልፍ እያየ ሳይስቅ ጨረሰ። ቁርስ ልንቀምስ ገባን። ስንወጣ አባ ኑሬ አዲሱን ሽርጣቸውን እያራገፉ ከዳለቻ ሆድ ሥር ሲወጡ አየኋቸው። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ገብተው ስለሚያዩ ምንም አላሰብኩም። ይማም ትከሻቸውን ሳመ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተነሣን። ድልድዩ ቅርብ ስለሆነ እኔም፣ ሐጂም፣ አባ ኑሬም በእግራችን ተከተልን። የገበያ ቀን ነበረ፤ ከበስተኋላችን ሴቶች አህያ እየነዱ ይመጣሉ።

ማሬሻሎው መብራቱን አየ፣ ጥሩምባውን ሰማ፣ ጎማውን ዳበሰ፣ ቀይ ጨርቁን ጎተተ። ይማም የኮቱን ቁልፍ እያየ ነው። በልቤ «ጎበዝ» እለዋለሁ። ከዚያ ዳገቱ ላይ አስቆማት። ሞተር ጠፋ። ይማም እጀታውን ሳበ። ፍሬኑ አልጮኸም። ነገሩ ወዲያው ቀፈፈኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ይማም ወረደና ቆመ። ዳለቻም ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ዝም ብላ፣ ያለ ኮሽታ፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

ሴቶቹ ጮኹ። አንዷ አህያዋን ትጎትታለች፣ አህያዋ እንቢ ብላ መንገዱ መሐል ተገትራለች። ይማም ዘሎ በሩን ሊይዝ ሮጠ፤ ጭነቱ ግን ፍጥነት ሰጥቷት ነበር። ከሁላችንም ለጎማው ቅርብ የነበሩት አባ ኑሬ ናቸው። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥተው በሁለት እጃቸው ጎማው ሥር ሰደዱ። ዳለቻ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ቆመች። የቀኝ እጃቸው ከድንጋዩ ጋር ሥሯ ቀረ። ከእሳቸው የወጣው ድምፅ «ያ ረብ» የሚል ብቻ ነው። ሰው ተረባርቦ ዳለቻን አንቀሳቅሶ እጃቸውን አወጣው። አልገልጸውም።

ማሬሻሎው ወደ ሰውየው አልሄደም፤ መኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ጣቱን አሸተተ፤ በመሐረቡም አልጠረገውም። ሞራ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። በዚያን ሰሞን አርበኞች መኪና እያበላሹ ገደል ይሰዳሉ የሚል ወሬ ስለነበረ፣ ፍሬን ሆን ብሎ ማበላሸት የሚያስከትለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የስቅላት ገመድ ነው። ዘቦቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ማነው የቀባው? ጠይቂ!» አለኝ።

ጠየቅሁ። ይማም የአባ ኑሬን ሽርጥ አየ፤ በአዲሱ ጨርቅ ላይ የሞራው ወዝ ታትሟል። ወዲያው «እኔ ነኝ» አለ።

አባ ኑሬ ደማቸው እየፈሰሰ፣ በሰው ተደግፈው ቀና አሉ። «ምን? እኔ ነኝ እንጂ! እሱ መቼ ቆዳ ያውቃል?»

«ዝም ይበሉ አባ ኑሬ» አለ ይማም፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ለምን ዝም እላለሁ? ደርቆ ሲጮኽ ሁላችሁም ሰምታችሁ ዝም አላችሁ! የቀባሁት እኔ ነኝ፤ በይው ልጄ፣ ንገሪው!»

ማሬሻሎው ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። ሁለቱም ደረታቸውን እየመቱ ስለነበረ ያለ አስተርጓሚም ገብቶታል። የሚቀረው የእኔ ቃል ነው። አንደኛው ባሌ ነው፣ አንደኛው ባሌን ያሳደጉት ሰው። የማውቀው ጣሊያንኛ ለሎሚ እንጂ ለነፍስ የሚሆን አልነበረም። ጎንበስ ብዬ የአባ ኑሬን ጫማ ከእግራቸው አወለቅሁና ለማሬሻሎው ሰጠሁት። ቀበቷቸውንም። የክታባቸውን ማኅደር ከአንገታቸው ሳልፈታ ጎትቼ አሳየሁት። ሁሉም በሞራ ወዝቷል። «ሁሉንም ቆዳ ይቀባል። መንገድ ከመሄዱ በፊት። ዘወትር» አልኩት፣ በተሰባበረው አፌ።

ጫማውን አሸተተ። ጣቱን አሸተተ። ደግሞ ጫማውን።

«ፍሬን መሆኑን አያውቅም?» አለኝ።

«ቆዳ መሆኑን ነው የሚያውቀው» አልኩት።

ከዚያ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠና ዘቦቹን በእጁ መለሳቸው። ማንንም አላሰረም። ይኼን ከእሱ ዘንድ እንደ ውለታ ልቁጠረው አልቁጠረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አገራችንን የያዘ ሰው ነው። ግን የይማምን ፈቃድ ከኪሱ አስወጥቶ ፊታችን ቀደደው። አባ ኑሬ ያኔ ራሳቸውን ስተው ስለነበር ይኼን አላዩም። በዳለቻ በር ላይ ቀዩ መስቀልያ ተሰመረ፤ እዚያው ካምፑ ውስጥ ተገፍታ ገባች።

አባ ኑሬን በአልጋ ተሸክመን ስንመለስ፣ ግቢው በር ላይ ዓይናቸውን ገለጡና «ዳለቻ አለፈች?» አሉ።

ይማም የአልጋውን እግር እንደተሸከመ «አለፈች» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተኙ።

ጣቶቻቸው ተቆረጡ። ከአልጋ አልተነሡም። ከዚያ ወዲህ ጣሊያኖቹ የሐበሻ መኪና ሁሉ ካምፑ አጠገብ ያድራል ስላሉ፣ ሹፌሮች ጠዋት ከግቢ የሚወጡት በእግራቸው ነበር፤ ውሸታችንም በዚያ ተሸፈነልን። ይማም ሱብሂ ሰግዶ ካኪ ኮቱን ለብሶ ወደ አባ ኑሬ ይገባል፣ ትከሻቸውን ይስማል፣ የመንገዱን ዱዓ ይቀበላል። ከዚያ ከበር ውጭ ኮቱን አውልቆ፣ ዶማውን አንሥቶ፣ ሐጂ ከሮቢ ውሃ ጠልፈው ወደሚያለሙት የሽንኩርት መደብ ይወርዳል። እየኮተኮተ መንገዱ ላይ መኪና ሲያልፍ ቀና ብሎ በድምፁ ይለየዋል፤ ይኼ ቡላ ነው፣ ይኼ የአገር ሰው አይደለም። ማታ ደግሞ አባ ኑሬ ይጠይቁታል። «ጉም ነበረ?» «ነበረ፤ እስከ ጣርማ በር አፍ።» «መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ወርዷል?» «ትንሽ። ጠረጉት።» የሚነግራቸውን ሁሉ ቀን ከሀሰን እየጠየቀ ነው የሚያመጣው። ፊቱ ሲከሳ አያለሁ፤ ለእኔ አንድም ቀን አላማረረም። እንዲህ እያልን ጣሊያን ሊወጣ ወራት እስኪቀሩት ድረስ ቆየን።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባ ኑሬን ውሃ ላጠጣ ገባሁ። ብቻችንን ነበርን። ጽዋውን ከመለሱልኝ በኋላ «ዘሃራ» አሉኝ፣ «ሀሰን ሊስመኝ ሲመጣ እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

«አዎ፣ አባ ኑሬ።»

«የይማም እጅ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ነው የሚለው። እኔ ከተኛሁ ጀምሮ።»

ያቺን ጽዋ አጥብቄ ያዝኳት። እሳቸው ግን የተቆጡ አይመስሉም።

«ትንሽ ናፍጣ ፈልጊለት። ሲመጣ እጁን ያብስበት፤ ሰው እንዳይታዘበው። እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትዪው። ያፍርና መምጣቱን ይተዋል።»

በማግስቱ ከሀሰን በሲኒ ናፍጣ ለምኜ ለይማም ሰጠሁት። «ምንድነው?» አለኝ። «የሽንኩርቱ ሽታ ራሴን አሳመመኝ፤ እጅህን አብስበት» አልኩት። ምንም ሳይጠረጥር አበሰ። ገባና የአባ ኑሬን ትከሻ ሳመ። እሳቸው በደህናው እጃቸው የእሱን እጅ ያዙና ወደ ፊታቸው አስጠግተው ሳሙት፤ አቆይተው ሳሙት። ከዚያ መታጠፊያዎቹን፣ ድልድዩን፣ ጭነቱን አንድ በአንድ እየጠሩ ለዳለቻ ዱዓ አደረጉ። ይማም «አሚን» አለ፤ ወጣና ዶማውን አንሥቶ ወደ ሽንኩርቱ ወረደ።